«ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ

«አባባ፣ በቃ ልቀቀው።»

አያቷ ሊለቀው ፈልጓል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እጁ ግን እሺ አላለም። የሚሬያ ጥቁር መቀነት ጫፍ ጭብጡ ውስጥ ቀርቷል። እሱ ጫፉን ወጥሮ ሲይዝላት፣ እሷ እየዞረች ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ ተጠቅልላ ጨርሳለች። ከኋላዋ የቡድኗ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሰው በሰው ላይ የሚቆምበትን ግንብ ጀምረዋል። ሦስተኛው ፎቅ የእሷ ነው፣ ልምምዱ እሷን ነው የሚጠብቀው።

«ኧረ አባባ፣ መቀነቱን ሊወርሷት ነው እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ኦና።

ሁሉም ሳቁ። አባባም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ። ጣቶቹ ሲላቀቁ ሌላ ልጅ ቦታዋን ይዞ ነበር።

ማታ እናቷ ሳህን እያጠበች ነገረቻት። «ጡንቻው ምንም አልሆነም። ነገሩ ከላይ ነው። ዝም ብለሽ ስትቆሚ እንኳ ጭንቅላትሽ ሥራ አይፈታም፣ ጡንቻሽን ጠበቅ፣ ላላ ያደርገዋል። አለዚያ ትወድቂያለሽ። አባባ ጋ ‹ልቀቅ› የሚለው ትእዛዝ ይዘገያል። ጀርባውም የጎበጠው ለዚያ ነው። ሲያጣድፉት ደግሞ ይብስበታል።»

 የሚሬያን መቀነት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአባባ ሌላ ሰው ይዞላት አያውቅም።

እሁድ ቡድኑ ግንቡን ለሕዝብ የሚያሳይበት በዓል ደረሰ። አደባባዩ ጢም ብሏል። አባባ ግን አደባባዩ ዳር ካለ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ጉልበቴን አሞኛል። ዛሬ ኦና ትያዝልሽ።»

ውሸቱን ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ደርሶ የመጣው በዚሁ ጉልበቱ ነው።

«አምጪው፣ ቶሎ እንጨርስ» አለች ኦና እጇን ዘርግታ።

«ሚሬያ፣ ትልቁ ግንብ ነው፣ ግቢ» ብላ ተጣራች አሠልጣኟ ሮዘር።

ሚሬያ መቀነቱን ይዛ ቆመች። ኦናን አየች፣ አባባን አየች። እሱ ጫማውን እያየ ነበር።

«ሮዘር፣ ለዚህኛው ተጠባባቂዋን አስገቢ። እኔ ለሚቀጥለው እደርሳለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለች ኦና። «ዓመቱን ሙሉ የለፋሽው ለዚህ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

 ሄዳ አያቷ ፊት ቆመች።

«ተነስ አባባ።»

«ጉልበቴን አልኩሽ እኮ…»

«ሰምቻለሁ። ተነስ።»

ብብቱን ደግፋ አስነሳችው። የመቀነቱን ጫፍ መዳፉ ላይ አድርጋ ጣቶቹ እስኪጨብጡት ጠበቀች። ከዚያ ጨርቁ እስኪወጠር ወደ ኋላ ሄደች፣ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ያዘችና ቀስ ብላ፣ መቀነቱን እየተጠቀለለች ወደ እሱ መዞር ጀመረች።