ከሐይቁ ቀድሞ የወጣው

ኮንትራክተሩ የሞተው ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው። አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተዘርሯል፤ ክንዱ ላይ በጥቁር ማርከር የተጻፈው ቁጥር አልደበዘዘም፤ ሄልሜቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰንጥቋል። ብስክሌቱ አሥር እርምጃ ርቆ ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ መሪው ከቦታው ዞሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን ትታ መሪው ላይ አጎነበሰች። ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ለምን?» ሳትል ውሃ እንኳ አትጠጣም ተብላ ትታማለች። መሪውን የሚይዙት ትናንሽ ቡሎኖች አራት መሆን ነበረባቸው። ሁለቱ የሉም፤ የቀሩት ሁለቱ ላልተዋል።

«ሜዳ ላይ ያስኬዳል» አላት ሃምሳ አለቃው፣ በጉብዝናው ጊዜ ብስክሌት ይጋልብ የነበረ፣ አሁን ግን ቀበቶው የማይበቃው ሰው። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ግን መሪው ይዞራል። ከዚያ ወዲያ እግዜር ይሁነው ነው።»

«ስለዚህ ሰው ነው የጣለው።»

«የጣለውም ተይዟል፣ እሜቴ። ብስክሌት ሠሪው ነው። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገረው።»

«ሁሉም አንድ ቃል የሚናገረው ለምንድን ነው?» አለችና ወደ መኪናው ሄደች።

ውድድሩ ትራያትሎን ነበር፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በሐይቁ መዋኘት፣ አርባ ኪሎ ሜትር ብስክሌት መንዳት፣ አሥር ኪሎ ሜትር መሮጥ፣ ያለ እረፍት። ተወዳዳሪዎቹ ኑሯቸው ስፖርት አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥርስ የሚነቅሉ፣ ሕንፃ የሚያቆሙ፣ ጠመኔ የሚይዙ ሰዎች ናቸው፤ እሑድ ሲመጣ ለአንዲት ቆርቆሮ ሜዳሊያ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚያብድበት ነገር አያጣም።

ብስክሌቶቹ የሚሰቀሉት ከሐይቁ ዳር ባለ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። መቀየሪያ ይሉታል። ዋናተኛው ከውሃ ወጥቶ፣ እዚያ ገብቶ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲያ ከተወዳዳሪ፣ ከዳኛዋና ቢጫ ሰደርያ ከለበሰው ብስክሌት ሠሪ በቀር እዚያ የሚገባ የለም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ኮንትራክተሩ መሞቱ ሲሰማ ሕዝቡ ያን ቢጫ ሰደርያ ከቦ ደበደበው።

በውድድሩ አዘጋጅ ክለብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ብስክሌት ሠሪው በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል።

«ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት በጥፊ መታኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ጎማው ስለተነፈሰበት። እኔም "ታያታለህ!" አልኩት። ብያለሁ፤ አልክድም።»

«ለምን አልክ?»

«ስለተናደድኩ ነዋ! ዛሬም መሞቱን ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስ ያለው ሁሉ ገዳይ ከሆነ ግን እስር ቤቱ አይበቃንም።»

«ዋናው ሲካሄድ ምን ትሠራ ነበር?»

«ከበሩ አጠገብ የአንዲት ሴትዮ ጎማ እነፋ ነበር። ጎማ የሚነፋ ሰው ማን ልብ ይላል?» ድምፁ ተሰበረ። «እሜቴ፣ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ ቤት ይወስዱኛል። የሟቹ ወንድም ደግሞ ሱቄን አቃጥላለሁ ብሎ ምሏል። የምንኖረው ከሱቁ በላይ ነው። ሚስቴና ሁለቱ ልጆቼ አሁን እዚያ ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ሱቁ በር ላይ አንድ ፖሊስ እንዲቆም አዘዘች።

የሟች ታናሽ ወንድም በክለቡ አዳራሽ ውስጥ እንደታጠረ ወይፈን ይንጎራደዳል። ራሱም ሲወዳደር ነበርና የክንዱ ቁጥር አልተሰረዘም። ከጎኑ የሟቹ የልምምድ ጓደኛ፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ደም በደም ነው!» አለ ወንድምየው። «ሕግ ካልቀጣው እኔ አለሁ። ወንድሜን ሰው ሁሉ ይወደው ነበር።»

«ይወደዋል!» አለች ሐኪሟ። «ነፍሱን ይማር እንጂ፣ ውሃ ውስጥ በሰው ጀርባ ላይ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። አንዴ በክርኑ ጥርሴን አወለቀው። የእኔን፣ የጥርስ ሐኪሟን! ሌላ ሰው ጋ ሄጄ አስተከልኩ፤ እንዴት እንዳፈርኩ።»

«እና ዝም አሉት?»

«ሁላችንም ዝም እንላለን። አምና እዚሁ ሐይቅ አንዲት ልጅ ሰጥማ ሞተች፤ ከሌላ ከተማ የመጣች። አጠገቧ ማን እንደነበር ማንም አላየሁም አለ። አደጋ ነው ተባለ። አባቷ፣ አንድ ወፍራም ጺማም ሰውዬ፣ ሬሳዋን መኪና ላይ ጭኖ ሄደ።»

ወንድምየው ወለሉን አየ።

«ዛሬ ከእናንተ መካከል ከውሃ ማን ቀድሞ ወጣ?»

«እሱ ነዋ፣ ሁልጊዜም እሱ ነው። ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ወንድሙ። እኛ ስንደርስ ብስክሌቱ ከግቢው ወጥቷል።»

ጥግ ላይ አንድ ሰው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ጺማቸውን የተላጩ የሒሳብ መምህር። ክለቡን ከተቀላቀሉ ስምንት ወር ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሚገቡ «ጋሼ ቀስ» ይሏቸዋል። ሁሉም ይወዳቸዋል። በካቴና ለታሰረው ሰው ውሃ የሰጡት እንኳ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱም ተረከዛቸው ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል።

«ያማል?»

«ሲሮጡበት ነው እንጂ አሁን ደህና ነው፣ ልጄ።»

«የሰዓት መዝገቡ መቀየሪያው ውስጥ ስምንት ደቂቃ ቆይተዋል ይላል፤ ለምን?»

«ካልሲ ስለብስ ነዋ! በእኔ ዕድሜ እርጥብ እግር ላይ ካልሲ ማጥለቅ ቀላል መሰለሽ?» ብለው ሳቁ። ከወንበራቸው ሥር ያለው ቦርሳ አፉን ከፍቷል። አንድ ጥንድ ነጭ ካልሲ ተጠቅልሎ ከላይ ይታያል።

«ይማርዎ» አለቻቸውና ዳኛዋ ወዳለችበት ወጣች።

ዳኛዋ ፊሽካዋን ከአንገቷ አላወጣችም። ተወዳዳሪዎቹ ወደ ሐይቁ ከወረዱ በኋላ የእያንዳንዱን ብስክሌት መሪ ነቅንቃ አይታለች፤ ሁሉም ጠብቆ ነበር።

«ከዚያ በኋላ ብስክሌት ሠሪውን ከሟቹ ብስክሌት አጠገብ አየሽው?»

«ኧረ አላየሁትም። ለፖሊሶቹም ይህንኑ ነግሬያለሁ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«እሱን ማንም አልጠየቀኝም። አዎ፣ አንድ ሰው አጎንብሶ አይቻለሁ፤ ከጀርባው፣ ከሩቅ። ብስክሌቱን የሚያወርድ ተወዳዳሪ መስሎኝ ዞር አልኩ። ሄልሜቱን አጥልቆ ነበራ! ራሱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ፊሽካ እነፋበት ነበር። ሄልሜት ሳያስሩ ብስክሌት መንካት ያስቀጣል።»

ኢንስፔክተሯ የመመዝገቢያ ቅጾቹን አስመጣች። አንደኛው ላይ፣ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ከሚለው ሥር ያለውን ቁጥር ደወለች። አዳመጠች። እንደገና ደውላ እንደገና አዳመጠች። ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ሟቹ ጠርጣራ ሰው ነበር» ብላ ጀመረች። «ግቢው እስኪዘጋ ከብስክሌቱ አልራቀም። ከዚያ ዳኛዋ መሪውን ነቀነቀች፤ ጠብቋል። ስለዚህ የተፈታው ዋናው እየተካሄደ ሳለ ነው። ሐኪሟና ወንድምየው ከሟቹ በኋላ ስለወጡ ብስክሌቱን አላገኙትም። የቀረው ብስክሌት ሠሪው ነው አላችሁ። አይደለም?»

«ነው!» አለ ወንድምየው።

«ዳኛዋ ያየችው ሰው ቢጫ ሰደርያ አልለበሰም፤ ሄልሜት አጥልቋል። ብስክሌት ሠሪ ቀኑን ሙሉ የሰው ብስክሌት የሚነካው በባዶ ራሱ ነው። ከመንካቱ በፊት ሄልሜት የሚያስረው፣ እጁ ይህንን ሕግ ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ የለመደ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። ለመግደል ሲነካው እንኳ አስሮ ነካው።»

«ግን ከወንድሜ በፊት ከውሃ የወጣ የለም!»

«ከእናንተ መካከል የለም። እናንተ የተነሳችሁት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑት አራቱ ግን ሃያ ደቂቃ ቀድመው ተነስተዋል። ሁላችሁም መጨረሻ የደረሰውን ሰው አያችሁ፤ መጀመሪያ መነሳቱን ረሳችሁት። ሦስቱ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ብስክሌታቸውን ይዘው ወጥተዋል። አራተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከውሃ ወጡ፤ ሟቹ ከአራት ደቂቃ በኋላ ወጣ። እሳቸው ግን ስምንት ደቂቃ ቆዩ። ካልሲ ስለብስ ነው አሉኝ።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ጥጉ ዞረ።

«ካልሲ የለበሰ ተረከዝ እንዲህ አይላጥም፣ ጋሼ። ሃምሳ አለቃ፣ ከቦርሳው ያንን ካልሲ አምጣልኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካልሲውን ሲፈታው ትንሽ ቡሎን መፍቻና ሁለት ቡሎኖች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ መምህሩ ግን አልሳሉም፣ አልጸለዩም።

«ለምን?» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቀስ ብላ። «ለምን ለሚለው መልስ በእርስዎ ቅጽ ላይ የሞሉት የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው።» የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች። ያነሳ ሰው የለም፤ አንዲት ልጅ በሳቅ ቀድታ የተወችው የስልክ መልእክት አዳራሹን ሞላው፤ «ዋና ላይ ነኝ! ስወጣ እደውላለሁ!»

ጥርስ ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንድ ዓመት ሙሉ የልጄ ስልክ እንዳይዘጋ አድርጌያለሁ» አሉ መምህሩ። «ሠላሳ ኪሎ ቀነስኩ፤ ጺሜን ተላጨሁ። በሬሳዋ ፊት የቆማችሁ ሰዎች አላወቃችሁኝም። የመጣሁት ለመግደል አልነበረም። አንድ ሰው "አይቻለሁ" እንዲለኝ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ከልምምድ በኋላ ራሱ ተናገረው። "ለዘገየ መንገድ አልለቅም፤ አምናም አንዷን ረግጬ ነው ያለፍኩት" ብሎ ሳቀ። እናንተም ሳቃችሁ። ልጄ ከዳርቻው ሃምሳ ሜትር ነበር የቀራት።»

«ይጸጸታሉ?»

«አልጸጸትም። ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ አየሁት፤ ፔዳሌን አላቆምኩም። ከዚያ እግሬ እየደማ አሥሩን ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ልጄ ያልጨረሰችውን ጨረስኩላት።»

«እኔስ?» ብሎ ጮኸ ብስክሌት ሠሪው። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን እየፈታለት ነው። «እኔ ምን አድርጌዎት ነው? እጄ ታስሮ እያዩኝ አይዞህ ብለው ውሃ ሰጡኝ! ልጆቼ እዚያ ሊቃጠሉ!»

መምህሩ ቀኑን ሙሉ ቀና ያለውን አንገታቸውን ደፉ። «አንተን አላሰብኩህም። እሱ ይውደቅ እንጂ ሌላ ምንም አልታየኝም።»

«ለልጅዎ አዝናለሁ። ለእርስዎ አላዝንም» አለና እጁን እያሻሸ ወጣ። ወደ ሱቁ ሲሮጥ በመስኮቱ ታየ።

ወንድምየው ወንበር ገልብጦ ተነሳ። «በጥርሴ ነው የምበላዎት!»

«ይቀመጡ!» አለች ኢንስፔክተሯ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት የሚያውቅ የለም። «ደም በደም ሲሉ ዋሉ። የአምናው ውጤት ይኸው። ሟቹ ከውሃ ሲወጣ ከእርሱ አራት ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ የወጣው እርስዎ ነዎት። አጣሪዎቹ ፊት "ምንም አላየሁም" ብለው ፈርመዋል። ለምን?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚህ ሰው ዝምታ ግን ነቅዞ ወንድሙን በልቶታል፤ ይህን እሱም ገና አሁን ነው ያወቀው። የገለበጠውን ወንበር አቅንቶ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ነው» አለ። «ምን ልል?»

ሃምሳ አለቃው የመምህሩን ክንድ ያዘ። መምህሩ ግን በሩ ላይ ቆሙ። «አንድ ጊዜ። እሱን ልስማና የትም ውሰዱኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሃምሳ አለቃውን በዓይኗ አስቆመችው። ማስታወሻዋን ገልጣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ቀይ ኮፍያ አድርጋ ነበር» አለ ወንድምየው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ። «እጇን አነሳች። እኔ አየሁ። ወንድሜም አይቷታል። ከዚያ በትከሻዋ ላይ…»

«አይሰማኝም» አሉ መምህሩ። «ጮክ በል። ሁሉም ይስማው፤ ጮክ ብለህ ተናገር።»