ያልጮኸው ካሜራ

ካፒቶል ሂል ሰፈር በሚሠራው ሕንፃ ላይ የተሰቀለው የደኅንነት ካሜራ፣ ሄልሜት ያላጠለቀች ዝንብ ብታልፍ እንኳ እሪ ይላል ተብሎ የተወራለት ነበር። ሠራተኛው ዓብዱልጀባር ከስድስተኛው ፎቅ ሲወድቅ ግን ትንፍሽ አላለም።

የሥራ ደኅንነት መርማሪዋ ሣህሊቱ አስከሬኑን አየች። ሄልሜቱ ከነማሰሪያው ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ ቀኝ እግሩ ባዶ፣ ግራው ካልሲ አጥልቋል።

ሚስቱ ናፊሳ ከሚኖሩበት ከቱክዊላ እየሮጠች ደረሰች። «ራሱ ዘሎ ነው አሉኝ! ለልጆቼ ይህንን ልንገራቸው?»

ሣህሊቱ ማለት ቱክዊላ ላይ የተዋሸ ውሸት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሊንውድ ሆና የሚሸታት ሴት ናት። ዛሬ ግን የጠየቀችው ሰው ሁሉ «ካሜራውን ይጠይቁ» እያለ፣ ንዴቷ ያለ ክሬን ሕንፃውን ሊያነሳው ደርሷል።

ፎርማኑ ናሁም ወደ ጠርዙ ወሰዳት። ቢጫው የብረት መከለያ ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ ጫማ፣ አንድ ካልሲና የጎደለ የውሃ ጠርሙስ አለ።

«ሶ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ተሻገረ፣ ዘለለ» አለ ናሁም።

«መከለያው ተፈትቶ ቢሆንስ?»

«እኔ ሳላውቅ? መፍቻው ከወገቤ አይለይም! ያለእኔ አንዲት ብሎን አትላላም።»

ክሬን ነጂው ሚናስ ግን ሌላ አወራ። «ጠዋት ጂብሰም ቦርድ ያስገባሁት በዚያው በኩል ነው። ወትሮ መከለያው ሲነሳ ካሜራው ጆሯችንን ያደነቁረን ነበር። ዛሬ ጭጭ።»

ካሜራውን የምትቆጣጠረው አክሱማዊት ስክሪኗን አሳየች። «ኮምፒዩተሩ ከጠዋት ጀምሮ መከለያው አልተነሳም ነው የሚለው። ካልጮኸ ደግሞ የሚያስቀምጠው በየሰዓቱ አንድ ፎቶ ነው።»

«ኮምፒዩተሩን ተይው! አንቺ ራስሽ ምን ይታይሻል?»

አክሱማዊት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷን ቢጫው መሥመር ላይ አሳረፈች።

ሣህሊቱ ሁሉንም ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሊሞት የተነሳ ሰው የሄልሜቱን ማሰሪያ ያጠብቃል? አንዱን ካልሲስ ለምን ይተዋል? ናፊሳ፣ ባልሽ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ የሚታጠበው ከየትኛው እግሩ ጀምሮ ነው?»

«ከቀኙ።»

«ቀኙን ሊታጠብ አነሳ፤ እንደ ልማዱ መከለያውን ተደገፈ። ግን ብረት አልነበረም። ፎቶዎቹን እዩ፤ በአንዱ ቢጫው መሥመር ቀጥ ብሏል፣ ቦርዱ በገባበት ሰዓት ግን በነፋስ ሆዱን ነፍቷል። ብረት ነፋስ ይነፋዋል? የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው! ካሜራው ቢጫ ሲያይ መከለያ መሰለው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ጥብጣቡን አንስቶ ብረቱን መልሶ ያሰረው፣ መፍቻ ያለው ሰው ነው። መፍቻው ከማን ወገብ እንደማይለይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነግሮኛል።»

ሁሉም ወደ ናሁም ዞረ።

«በጮኸ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ አለቆቹ የሚጮኹት እኔ ላይ ነው!» አለ ናሁም። «ቦርዱ ገብቶ እስኪያልቅ ብቻ ነበር… ከዚያ ረሳሁት።»

«ዘለለ ያልከውንም ረስተህ ነው?» አለች ሣህሊቱ።

ናፊሳ የባሏን ጫማ አነሳች። «ሊሰግድ ሲል ነው እላቸዋለሁ» አለች።

ናሁም ላቡን ሊጠርግ ሄልሜቱን አወለቀ። ካሜራው እሪ አለ፤ ሕንፃው በሙሉ አስተጋባ።

ናፊሳ ቀና ብላ ካሜራውን አየችው።

«አሁን ነው የምትጮኸው?»