ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጭስ

የፍሰሐ ጭንቅላት ተፈልጧል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የራሱ የለውዝ ቅቤ መፍጫ ጓሮ፣ የቅርፊት ክምር ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ፀጉር የተጣበቀበት አካፋ ወድቋል። ኢንስፔክተር ዕፀገነት ቁጢጥ ብላ ቁስሉን ቆጠረች።

«ሦስቴ ነው የመታው። አንዱ ይበቃ ነበር።»

«ጎረቤቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው» አለ ኮንስታብሉ። «ትናንት ሰፈሩ እየሰማ ‹ልጄ በጭስህ ከሞተች እገድልሃለሁ› ብለውታል። ላምጣቸው?»

«ቆይ።»

ሴትዮዋ ከአጥሩ ወዲያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዝተዋል እማማ?»

«ዝቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ ቅርፊት እያነደዱ የልጄን ደረት ዘጉት። ግን አልነካሁትም። እኔን ከወሰድሽኝ ማን ያስታምማታል? ድምፅሽን ቀንሺ፣ ዛሬ ገና እንቅልፍ ወስዷታል።»

አጥሩ ጥግ በተወጠረው ገመድ ላይ ነጭ ነጠላ ተሰጥቷል። ዕፀገነት ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«መቼ አሰጡት?»

«አስራ ሁለት ተኩል ላይ። እርጥብ ነው፣ በእጅሽ አታሳድፊብኝ።»

ለውዝ የምትቆላው ዙሃራ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነበረች። «ወፍጮው ሲዞር የሰው ድምፅ አይሰማም» አለች። «ትናንት ግን ጋሼ ደስ ብሎት ነበር። በስልክ ‹ከነገ ጀምሮ ውሰዱት› ሲል ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አገባኝ ብዬ ልጠይቅ?»

ዕፀገነት የሟቹን ስልክ አንስታ መጨረሻ የተደወለበት ቁጥር ላይ ደወለች። ከዚያ ቅርፊት አንዳጁን ነገሪን ጠራችው።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ከአስራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት አነደድኩ። ከዛ ቁርስ ልበላ ወጣሁ፣ እሱን ደህና ትቼው።»

«እሳቱ እንዴት ነበር?»

«ደረቅ ቅርፊት ቤንዚን በይው።»

ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ባጭሩ ልናገር» አለች። እጇን ቅርፊት የሚነድበት በርሜል ውስጥ ከታ አንድ እፍኝ አመድ አወጣች። «እስከ ሁለት ሰዓት የነደደ ፍም እጅ ይልጣል። ይሄ በረዶ ነው። በርዶ ይሆናል እንበል። እማማ፣ ሲያነዱ ያሰጡት ልብስ ምን ይሆናል?»

«ጥላሸት ነዋ።»

«ነጠላው ከአስራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ከበርሜሉ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። አንዲት ነጥብ የለበትም። ልጅዎም ተኝታለች። ዛሬ እሳት አልነበረም። ነገሪ፣ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ የሠራኸውን ነው የነገርከኝ። ፍሰሐ ትናንት በስልክ ያነጋገረው ሰንጋ ተራ ቅርፊት ጨምቆ ከሰል የሚሠራ ሰው ነው። ፍሰሐ ‹ማንደድ ቀርቷል፣ አንዳጁን ጠዋት አሰናብተዋለሁ› ብሎታል። ጠዋት ነገረህ። አካፋው እጅህ ላይ ነበር።»

ነገሪ የበርሜሉን ክዳን ነጥቆ ፊቷ ላይ ሰነዘረ። ጎንበስ ብላ አሳለፈችውና ጉልበቱን በጫማዋ መታችው። ቀጭ አለ። የደማው ቅርፊት ላይ በአፉ ተደፋ፤ ኮንስታብሉ ጀርባው ላይ ወጣ።

«ሳምባዬን አቃጠልኩለት» አለ ቅርፊት እየተፋ። ሳል አቋረጠው። «ደህና ዋል እንኳ አላለኝም።»

ወለተሥላሴ አልሰሙትም።

«ማንደዱን ለምን አቆመው?» አሉ።

«ከሰል ሠሪው ጠይቆት ነበር። ‹የጎረቤቴ ልጅ ትተንፍስ› ነው ያለው።»

ሴትዮዋ ወደ ገመዳቸው ሄዱ። ገና ያልደረቀውን ነጠላ አምጥተው የፍሰሐን ጭንቅላት ሸፈኑት።