ሁለት መርፌ በአንድ ምሽት

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት በማያውቁት ከተማ፣ ሊያድሩበት ባላሰቡት ሆቴል ውስጥ ነው። ከወንድ ልጃቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር ከዓይን ሐኪም ሲመለሱ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደውና አውቶብሱ መንገደኛውን ሁሉ እዚያ አራግፎ ቆመ።

መርማሪዋ ስትደርስ የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። «የተበላሸ ሾርባ አብልቶ አባቴን ገደለብኝ» ብላ ሴት ልጅየዋ ከሳዋለች። ሰውየው የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ዛሬ እስር ቤት ሊያድር ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። እውነታቸውን ነው፤ ለምን ሳትል ውሃ አትጠጣም። መጀመሪያ የሆቴሉን ባለቤት ያዘችው።

«ለሦስት ሰው ሦስት ክፍል ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ። አባትየው አንደኛ ፎቅ፣ ወንዱ ከላይ፣ ሴቷ ከታች። እህትና ወንድም ናቸው ቢሉኝ አላመንኩም፤ ቁልፍ ሲቀበሉ እንኳ አልተያዩም።»

«አባትየው ራት በሉ?»

«ክፍላቸው ድረስ አስወሰድኩላቸው። ሾርባው ማንኪያ ሳይነካው ተመለሰ።»

ወደ ሟቹ ክፍል ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የስኳር በሽታ መድኃኒታቸው፣ የኢንሱሊን ብልቃጥ አለ። አጠገቡ አሥር መርፌ የሚይዝ ጥቅል፤ ስምንት ቀርቶታል። መታጠቢያ ቤቱ ቅርጫት ውስጥ ግን አንድ መርፌ ብቻ አገኘች። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቅርጫት ባዶ ነው።

ወንድ ልጅየው የታክሲ ሹፌር ነው።

«ጥቅሉን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴን ክንዱ ላይ ወጋሁት፤ መርፌውን መታጠቢያ ቤት ጣልኩ።»

«ቤት ሆናችሁስ?»

«የተገኘ ሰው ይወጋዋል። ማቀዝቀዣው ላይ ደብተር አለ፣ የወጋ ይፈርምበታል።»

«ደብተር ለምን?»

አቀረቀረ። «ከእህቴ ጋር አንነጋገርም። እናታችን የሞተች ጊዜ አርፍዳ ነው የነገረችኝ። ሦስት ዓመታችን።»

«ደብተሩ የታለ?»

«ለደርሶ መልስ መንገድ ማን ደብተር ይይዛል?»

እህትየው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስትናገር ቦርሳዋን ከጭኗ አታወርድም።

«ወንድምሽ ክንድ ላይ ነው የሚወጋው?»

«እሱ ምን ያውቃል? አባዬን ያሳምመዋል። እኔ ሁሌም ሆዱ ላይ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት አልነካሁትም።»

አስከሬኑን ያየው ሐኪም የሚለውን ከሰማች በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ይህን ሰው ልቀቁት» አለች። «ሟቹ ሾርባውን አልቀመሱትም፤ ያልቀመሱት ነገር ደግሞ አይገድላቸውም። ከጥቅሉ የወጣው ሁለት መርፌ ነው፣ የተገኘው አንድ። ሐኪሙም ሁለት የተወጋ ቦታ አይቷል፣ አንዱ ክንድ ላይ፣ አንዱ ሆድ ላይ። በባዶ ሆድ ኢንሱሊን ሁለት ጊዜ የተወጋ ሰው ስኳሩ ወርዶ በዚያው ይቀራል። ክንድ ላይ የወጋው ነግሮኛል። ሆድ ላይ የምትወጊው አንቺ ነሽ። ጠዋት መታጠቢያ ቤት የወንድምሽን መርፌ ስታይ ሁሉም ገባሽና ያንቺን ከመኝታ ክፍሉ አነሳሽ።»

ምግብ አብሳዩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እህትየው ቦርሳዋን ከፍታ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከራት በኋላ ክፍሉ ስገባ ጥቅሉ ተከፍቶ አይቻለሁ» አለች። «አባዬን ተወግተሃል ወይ አልኩት። ኧረ አልተወጋሁም አለኝ። እንደሚረሳ አውቃለሁ እኮ! ወንድሜን ልጠይቅ ደረጃውን ጀመርኩና፣ እኔ ቀድሜ ላናግረው? ብዬ ተመለስኩ።»

«ይሄን ምስኪን አብሳይስ ለምን ከሰስሽው?»

«አፍሬ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ከማፍር ሰው ይታሰር አልኩ።»

እንኳን እሷ፣ ይህን የምተርከው እኔም አፈርኩ።

ወንድምየው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ይንገሯት» አለ፣ እንደ ልማዱ በሰው በኩል።

«አጠገብህ ናት፤ ራስህ ንገራት።»

እህቱን ቀና ብሎ አያት።

«ራት ላይ እዚሁ አዳራሽ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ነበር» አላት። «ወግቼዋለሁ ለማለት ዞር ማለት ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ዞርኩም። አንቺን ሳይ ግን ወደ ሳህኔ ተመልሼ በላሁ።»