ደርሶ መልስ የሌለው ቲኬት

ደብተሩ የለም።

አዋላጇ ቦርሳቸውን የካርጎው መጋዘን ወለል ላይ ገለበጡት። ፓስፖርት፣ መነጽር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ገንዘብ ሳይቀር ወጣ። አረንጓዴው የሞተር ማለፊያ ደብተር ብቻ የውሃ ሽታ ሆኗል።

«ሞተሬን ሳስመዝን አብሮኝ ነበር!» አሉ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊስ ኢንስፔክተር ስትደርስ ረፋድ አራት ሰዓት ሆኗል። ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ እንዲህ ሳትል የጀመረችው ምርመራ የለም።

«ቆይ እስቲ። ይሄ ደብተር ምን ያደርጋል?»

«የሞተሬ ፓስፖርት በይው። ሰው አገር ያለ ቀረጥ ገብቶ ተመልሶ ለመውጣቱ ዋሱ እሱ ነው። የእኔ ቲኬት ደግሞ የመሄጃ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ ያልያዘ ሰው በምን እንደሚወጣ ካላሳየ አያሳፍሩትም። እኔ የምወጣው ሞተሬን እየነዳሁ ነው፤ ማስረጃዬ ደብተሩ ነው።»

«ደርሶ መልስ ቢገዙስ?»

«እኔ እገባለሁ፣ ሞተሩ ይቀራል። ያለ ሞተሩ ሄጄ ምን ልሠራ?»

አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። የመግቢያ ቪዛቸው ነገ ያበቃል። እዚያ ማዶ የተማሪ ቤት ጓደኛቸው ከነሞተሯ ትጠብቃለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን እየነዱ ወደ አገር ሊመለሱ ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ተማምለዋል። የጓደኛቸው ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሟ ከዚህ ዓመት በኋላ መሪ እንዳትነካ ነግሯታል።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ቀርቷል።

ገንዘቡ አልተነካም። ስለዚህ ተራ ኪስ አውላቂ አይደለም። ጉዞው እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ይኖር ይሆን?

ነበር። አጠገባቸው ቆሟል።

ታናሽ ወንድማቸው ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ ከርሟል። «በስድሳ ዓመትሽ ሞተር? ሰው ምን ይለናል?» ያላለው የለም። ዛሬ ቦርሳውን የያዘውም እሱ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ጫኝ አየሁት አለ፤ ሞተሩ የታሸገበትን የእንጨት ሳጥን በመፍቻ ሲከፍት።

ኢንስፔክተሯ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሳጥኑን ከፍተዋል?»

ወንድምየው እህቱን አየ።

«ከፍተዋል ወይስ አልከፈቱም?»

«ከፍቻለሁ።»

«ምን ከተቱበት?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«አንተ!» አሉ አዋላጇ። «እኔ ያሳደግኩህ ልጅ?»

ሳጥኑ ተከፈተ። ወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተገኘ። ኢንስፔክተሯ ፈታችው። የጎማ መለጠፊያ፣ የእጅ ባትሪና አዲስ የጉልበት መከላከያ። ደብተር የለም።

ወንድምየው መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ፣ እንደማትቀሪ ሳውቀው...» አለ። «ብሰጥሽ ደግሞ ትስቂብኛለሽ።»

አዋላጇ ወንድማቸውን አንገቱን አንቀው ሳሙት። ኢንስፔክተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ሥራዋ ይጠፋባታል። ግን ሰዓቱ ስድስት አልፏል።

የቀረው ሞተሩን መዝኖ የተረከበው የካርጎው ጸሐፊ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጭነት ሰነድ የሞላ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው የተደረደሩ ሰው።

«ደብተሩን አይተሃል?»

«አላየሁም። ፓስፖርታቸውንና ሊብሬውን ነው የሰጡኝ። ምናልባት ቤት ረስተውት ይሆናል። ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እጅህ አልገባም?»

«በፍጹም።»

«ቆይ እስቲ።» የሞላውን የጭነት ሰነድ አነሳች። ቀስ ብላ አነበበች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «የማለፊያ ደብተር ቁጥር ይላል። ሞልተኸዋል። የሚያበቃበትንም ቀን ጽፈሃል። ከየት አመጣኸው?»

«እሳቸው... በቃል ነገሩኝ።»

አዋላጇ ሳቅ አመለጣቸው። «ልጄ፣ እኔ የቤቴን ስልክ እንኳ በቃሌ አላውቅ! አሥራ አንድ አኃዝ ልነግርህ?»

ጸሐፊው እርሳሶቹን አየ። አንዱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ተነስቶ የሚዛኑን መዝገቦች የሚያስቀምጥበትን ቁም ሣጥን ከፈተ። ከመዝገቦቹ ጀርባ አረንጓዴውን ደብተር አወጣ። መሀሉ ላይ ከራሱ የተቀደደ አንድ ቅጠል ወረቀት ተጣጥፎ ገብቷል።

«ከደብተሩ በየድንበሩ አንድ ቅጠል ይቀደዳል። የእኛን የመውጫ ቅጠል ልቀድ ስል የዚያኛውን አገር የመግቢያ ቅጠል ቀደድኩት» አለ። «ዘንድሮ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሦስተኛው ስንብት ነው። እሳቸው ስልክ ሊያነሱ ዞር ሲሉ ደበቅኩት። ሌሎቹን ሰነዶች ስመልስ ሳይቆጥሩ ተቀበሉኝ። ጠፋብኝ ይላሉ፣ ሌላ ያወጣሉ፣ በሳምንቱ ይሄዳሉ ብዬ... ቪዛው ነገ እንደሚያበቃ አላወቅኩም።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ወደ ሰጠው የሞተረኞች ማኅበር ደውላ የሆነውን ነገረች። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ተረጋግታ ጠየቀች፦

«ቅጠሉ አለ? አልተበጣጠሰም?»

«አለ።»

«እና ምን ያስጨንቃል? ይዛችሁ ኑ። መልሰን አያይዘን፣ መገጣጠሚያው ላይ ማኅተም መትተን፣ ደብዳቤ እንጽፋለን። በየወሩ የሚያጋጥም ነው። አሥር ደቂቃ።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰሙ። ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«አሥር ደቂቃ» አለ ለራሱ።

አዋላጇ ጠጋ አሉት። ሊቆጡት መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አዋልጃለሁ» አሉ። «እኔም ስቼ አውቃለሁ። ያኔ ግን በሩን ከፍቼ ሐኪም ጥሩልኝ ብዬ ጮህኩ። ብዘጋው ኖሮ እናትዮዋም ሕፃኑም አይኖሩም ነበር።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። «በገዛ እጁ ማውጣቱንም ጻፊለት።»

«የሆነው ሁሉ ይጻፋል» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ጸሐፊውንም ለባልደረባዋ አስረከበች።

በፖሊስ መኪና ከተማ ገብተው ወጡ። ማኅተሙ ተመታ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የመንገደኞች መቀበያው ደረሱ።

ተቀባይዋ ቲኬቱን አየች። «የመሄጃ ብቻ ነው። ከዚያ በምን ይወጣሉ?»

«በሞተሬ!» አዋላጇ ደብተሩን ዘረጉት።

ተቀባይዋ ቅጠል በቅጠል ገለጠች፤ ማኅተሙን በጥፍሯ ዳሰሰች፤ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበች። በመጨረሻ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ከማሽኑ እየተጎተተ ወጣ።

«መልካም መንገድ፣ እናቴ።»

አዋላጇ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ አላዩም። በአንድ እጃቸው ቦርሳቸውን፣ በሌላው ደብተሩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ እንደ ልጃገረድ እየተጣደፉ በመግቢያው አለፉ። ሞተሩም ዘግይቶም ቢሆን ተጭኗል ተብሎ በኢንስፔክተሯ መገናኛ ሬዲዮ ተነገረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድምየው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለ ሀፍረት ያለቅሳል፤ ይስቃልም። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ አረፍ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ አውሮፕላኑ ተነሳ።

«ሄደች» አለ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «አሁን እኔ ማን ላይ ልጩህ?»