የአባቷ አልጋ

«በሩን ዝጊው፤ እማ እንዳትሰማ» አለ ጃናካ።

ኡደኒ በሩን በጀርባዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት ባቶቹን ጨምቆ ይዟቸዋል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ያለቀሰ ሰው ዓይን እንዲህ አይቀላም፤ ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ በእነሱ በኩል የሚያያት መሰላት።

«አያ፣ ትኩሳቱ ለቆኛል አላልክም ነበር?»

«ለቆኛል። አሁን እግሬን ነው። ሩዝ ማሳው ውስጥ ቆሜ ስለዋልኩ ነው።» ከትራሱ ሥር የህመም ማስታገሻ አውጥቶ ሁለት ኪኒን አንድ ላይ ዋጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ... ሽንቴ እምቢ ብሏል። ከትናንት ጀምሮ ጠብ አላለም።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። የመንደሩ መረብ ኳስ ቡድን አምበል ስለ ሽንቱ ሲያወራላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ለእማ እንንገራት።»

«አብደሻል? ኩላሊት የሚባል ቃል እዚህ ቤት ብትጠሪ እዚያው ነው የምትወድቀው። ቅዳሜ ደግሞ የአውራጃው ቡድን የተጫዋቾች ምርጫ አለብኝ። ለማንም አልናገርም በይ። በአባባ ማይልኝ።»

ማለች።

አባታቸው ፒያሴና ያረፈው ባለፈው የዝናብ ወቅት ነው። ከመስኖው ኩሬ ወዲህ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ ሳሎናቸው ውስጥ የአበባ ጉንጉን የተንጠለጠለበት የአንድ ወንድ ፎቶ አላቸው። የኩላሊት በሽታ ዓመታት እየወሰደ ገበሬዎቹን አንድ በአንድ ለቅሟል። ከውሃው ይሁን ከማሳው መድኃኒት፣ ቁርጡን የነገራቸው የለም። ፒያሴናም ለኩላሊት እጥበት ወደ አኑራዳፑራ ከተማ ሆስፒታል ሲመላለስ ኖረ፤ ከማሽኑ በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጎደለ፣ በመጨረሻ ፎቶው ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ኡደኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤታቸውን ጥቁር ውሻ ጃናካ አልጋ ሥር ተጋድሞ አገኘችው። ውሻው አባቷ ከሞተ ወዲህ ደጃፉን ተሻግሮ አያውቅም። አሁን ልክ በአባቷ ህመም ጊዜ እንደሚያደርገው አፍንጫውን ወደ ፍራሹ ቀስሮ ተኝቷል። ሊያስወጣው ብትገፋው አላጉረመረመም፣ አልተነሳምም።

ሽታም ነበር። ጃናካ አፉን በከፈተ ቁጥር ዝገትና የቆየ ሽንት የሚመስል ነገር ይሸታታል። ኡደኒ ሽታውን ታውቀዋለች። ከአባቷ አስከሬን ጋር አብሮ የተቃጠለ መስሏት ነበር።

ጃናካ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ማድቤቱ ወጣ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ከኮኮናት ዛፎቹ አንዲት ቅጠል እንኳ አትንቀሳቀስም። እናታቸው መሬት ተቀምጣ ሩዝ እያበጠረች ነበር። ልጇ ጀርባውን ሰጥቷት በሩ ላይ ሲቆም ቀና ብላ አየችው።

«ፒያሴና፣ ውሃ ልስጥህ?» አለችው።

ጃናካ ቀስ ብሎ ዞረ። የዓይኑ ቆብ አብጦ ከብዷል፤ ጉንጩና አገጩ አንድ ሆነዋል። ሳሎን ካለው ፎቶ የሚለየው ጉንጉን ስለሌለው ብቻ ነበር። ሰፌዱ ከእናቱ እጅ አመለጠ። ሩዙ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ለማንሳት ጎንበስ ያለ ግን የለም።

«አባቱ ነው» አለች እናታቸው በሹክሹክታ። «ሊወስደው መጥቷል። ቀትር ላይ ብቻህን ኩሬው ዳር አትቁም አላልኩም? መነኩሴው እጁ ላይ የሚታሰር የጸሎት ክር ይሥሩለት። አዋቂውንም ዛሬውኑ አስጠራለሁ።»

ጃናካ ከእናቱ ኋላ የቆመችውን ኡደኒን አያትና ራሱን ነቀነቀ። ምለሻል ማለቱ ነው።

አባቷ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰሞን «ምንም አይደል» እያለ ሽርጡን ወደ ታች ይጎትት ነበር። ሁሉም ምንም እንዳልሆነ አምነውለት ነበር።

«እማ፣ አባባ አይደለም» አለች ኡደኒ። «ሽንቱ ቆሟል። ኪኒንም ደብቆ ይውጣል።»

«ዝም በይ አንቺ» አለ ጃናካ።

«ኩላሊቱ ነው፣ እማ።»

እናታቸው አልወደቀችም። የተበተነው ሩዝ መሃል እንደተቀመጠች ቀረች። ኡደኒ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳታይ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ባጃጅ ነጂው ባንዳራ ቤት በባዶ እግሯ ሮጠች።

ባንዳራ በባጃጁ ባደረሳቸው በአኑራዳፑራ ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። የጃናካን ባት ጫን ስታደርገው ከአልጋው ሊዘል ደረሰ።

«ማሳ ውስጥ ነበርክ? እግርህ ቁስል ነበረው?» አለችው። ከዚያ ወደ ኡደኒ ዞረች። «ሽንቱ መቼ ነው የቆመው? ምን ዋጠ?»

ኡደኒ ከትራሱ ሥር ያነሳችውን የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ጃናካ ፊቱን አዞረ።

«የአይጥ ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም» አለች ሐኪሟ። «የአይጥ ሽንት ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው በተሰነጠቀ እግር በኩል ወደ ሰው። ይሄ ኪኒን ደግሞ የቆሰለ ኩላሊት ላይ ዱላ ነው።» ወደ እናቱ ጠጋ አለች። «ሽንት ስለማይወጣ ፖታሲየም የሚባል ጨው ደሙ ውስጥ ተጠራቅሟል። ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በደም ሥሩ ጀምረናል፤ ግን እጥበቱ ዛሬውኑ ነው። ይፈርሙልኝ።»

እናትየው እጆቿን ልብሷ ውስጥ ደበቀች። «ለዓመታት እዚያ ማሽን ላይ ያስተኛሁት ባሌ አልተመለሰልኝም። ልጄን ቤቴ እወስደዋለሁ።»

«የባለቤትዎ ኩላሊት ዓመታት ወስዶ ነው የሞተው። የዚህ ልጅ በድንገት ነው ሥራ ያቆመው። ኩላሊቱ እስኪነቃ ድረስ ማሽኑ ይሠራለታል። አብዛኛው ይነቃል።»

«ሁሉም?»

ሐኪሟ ወረቀቱን አቀረበችላት። «ሁሉም አልልዎትም።»

እናትየው ልጇን አየቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ጠይቃት አታውቅም።

«አጠገቡ እኔ እቀመጣለሁ» አለች ኡደኒ። «አንቺ መግባት የለብሽም።»

እናትየው ፈረመች።

ክፍሉ አባቷ ይታከምበት የነበረው ያው ነው። የማሽኖቹ ድምፅም ያው፤ ተንፍሶ የማይጨርስ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። የወንድሟ ደም በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ፣ በማሽኑ ዞሮ፣ መልሶ ይገባል። በየአልጋው ፊታቸው ያበጠ ወንዶች ተኝተዋል። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ጃናካ አዙረዋል።

«የፒያሴና ልጅ ነህ፣ አይደል?» አሉ ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ። «አልጋው የሱ ነበር። ባዶ ሲሆን ማን ይመጣ ይሆን እያልኩ ነበር።»

ጃናካ የእህቱን እጅ ያዘ። ያን ቀን የነካት ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጡት ቀናት ከማሽኑ ይልቅ ኡደኒን የከበዳት ውሃው ነበር። ሽንቱ እስኪመለስ ጃናካ የሚጠጣው በስፍር ነው፣ የሽንት ቱቦው ያወጣውም እየተሰፈረ ይጻፋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ኡዲ፣ አንድ ጉንጭ። ነርሷ አታይም።»

ኡደኒ ጠርሙሱን ከወንበሩ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«በአባባ ምለሽ ከዳሽኝ። አሁን ደግሞ ውሃ ትከለክይኛለሽ።»

ጠርሙሱን ግን አልለቀቀችም።

አንድ ጠዋት ቱቦው ውስጥ የደፈረሰ ሻይ የመሰለ ነገር ታየ። እናታቸው ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን እንደ ሎተሪ ዕጣ አየችው። በማግስቱ ጨመረ። እየቆየ ሲሄድ ከመጠን አለፈ፣ ሐኪሟም «አሁን ደግሞ ጠጣ» አለችው። እብጠቱ ሲወርድ የጃናካ የራሱ ሹል አገጭ ከአባቱ ፊት ውስጥ ተመልሶ ወጣ። ለወራት የደም ምርመራ ይጠብቀዋል። ምርጫው ያለ እሱ አልፏል፣ ሌላ ልጅ ተወስዷል።

ቱቦው ከተነቀለለት በኋላም እህቱን አላናገራትም። ወደ ቤት ሊሄዱ ልብሱን እያጠፈችለት ሳለ ነው አፉን የከፈተው።

«ሁለተኛ ምስጢር አልነግርሽም።»

«አትንገረኝ» አለች ኡደኒ ቀና ሳትል። «እንዲህ ያለውን ከነገርከኝ እናገራለሁ።»

ጃናካ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጆሮው ቀላ።

«ከትናንት ጀምሮ ስሸና ያቃጥለኛል» አለ። «ለሐኪሟ ንገሪያት። ግን ክፍሉ ሁሉ እንዳይሰማ።»

ኡደኒ ሸሚዙን አልጋው ላይ አስቀምጣ ሐኪሟን ፍለጋ ወጣች።