የተሰረዘችው አርባ አንድ

ያልወደድነውን እውነት ከወረቀት ላይ መሰረዝ ከዓለም አያጠፋውም፤ በሌላ ሰው ላይ እንዲወድቅ ብቻ ያደርገዋል።

በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ላይ የመጀመሪያው እግር በማዕበል ተመትቶ «ቀጭ» ብሎ ተሰበረ። በረጅሙ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የቆመው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ መድረክ ሞዴል፣ ወላጆች እያዩት በጎኑ ውሃው ላይ ተጋደመ።

«ሚስማር፣ በምራቅ ነው እንዴ ያጣበቅሽው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተከተለ።

ሚስማር የሚሏት ከቅጥነቷ የተነሣ ነው። እግሮቹን የሠራችው እርሷ ናት፤ ውፍረታቸውን የወሰነችው ግን የአጎቷ ልጅ ለክታ በሰጠቻት ቁጥር ነው። ይህችኛዋን ደግሞ «ፕሮፌሰር» ይሏታል።

ከሳምንት በፊት ፕሮፌሰር በዚሁ ገንዳ ሃያ ማዕበል አስነሥታ እያንዳንዱ በመድረኩ እግር ምትክ የተተከለውን የሙከራ ምሰሶ የሚመታበትን ኃይል እንድትመዘግብ ታዝዛ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ከዐሥራ ሁለት ኒውተን እምብዛም አልራቁም። ሰባተኛው ማዕበል ግን ልክ ምሰሶው ላይ ሲደርስ አናቱ ተደርምሶ ተሰበረ፤ መለኪያውም አርባ አንድ አሳየ። «ቀወሰ ይሄ ዕቃ» አለችና ግራፏን እንዳታበላሽባት ቁጥሯን ሰረዘቻት። ጓደኞቿ በር ላይ ይጠብቋት ስለነበር የቀሩትን ዐሥራ ሦስቱን ሳትለካ ከራሷ ሞላች።

የፊዚክስ መምህሩ ወደ ሚስማር ዞሩ። «ልጄ፣ ስለ ሙጫው ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ?»

«ቲቸር፣ በደንብ አጣብቄው ነበር እኮ...» እናቷ ከፊት ረድፍ ሆነው ዐይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

የፕሮፌሰር ፊት ነደደ። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሚስማር ግን ጠጋ ብላ፣ «ይቅርታ እሺ፤ ያንቺንም ልፋት ገደል ከተትኩት» አለቻት።

ይህን መሸከም አልቻለችም። ደብተሯን ከብብቷ ሥር አወጣች።

«ቲቸር፣ ሙጫው አይደለም» አለችና ሰባተኛውን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው።

መምህሩ ከሥርዙ በታች ያለውን ቁጥር አተኩረው አዩት። «የሚሰበር ማዕበል እንደ ጥፊ ነው የሚመታው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

«ከዚህ በኋላ ያሉትስ?»

«አልለካኋቸውም።»

ፕሮፌሰር ከውድድሩ ተሰረዘች፤ የፕሮጀክት ውጤቷም ዜሮ ሆነ። ሚስማር አዲስ እግሮች እንድትሠራ አንድ ሳምንት ተሰጣት። በዚያ ሳምንት ፕሮፌሰር፣ ስሟ በማይጻፍበት ሥራ፣ ሃያውን ማዕበል ከአንድ ጀምራ ለካች።